ከቡልቡላ እስከ አዲስ አበባ በአንድ ክብ ውስጥ፦ የፍቅር ማፈላለጊያ መተግበሪያዎች ምርጫችንን እንዴት ይቀርጻሉ?

ቡልቡላ ከባቱ በስተ ደቡብ፣ ከሞጆ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ስሟን የምትጋራው የደምበልን ሐይቅ ውኃ ወደ አቢጃታ ከሚያደርሰው ወንዝ ጋር ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች ወጣት ወንድና ወጣት ሴት የሚተያዩባቸው ቦታዎች ከጥንት የታወቁ ናቸው፤ ገበያ፣ ሠርግ ቤት፣ ለቅሶ፣ የውኃ መቅጃ፣ ኋላም ትምህርት ቤትና የአውቶቡስ መናኸሪያ። በእነዚህ ቦታዎች ማንም ሰው ብቻውን አይታይም። አብሮት ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ይታያል።

ዛሬ በእነዚህ ላይ አንድ ሌላ የመተያያ ቦታ ተጨምሯል፤ እርሱም የእጅ ስልክ ነው። የቡልቡላ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክና በባቱ ዙሪያ ያሉት የአበባ እርሻዎች ሥራ ፈላጊ ወጣቶችን ከተወለዱበት መንደር አርቀው ያመጣሉ። የመጣው ወጣት በከተማው ዘመድ የለውም፤ ሠርግ አይጠራም፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚመሰክርለት ሰው አጠገቡ የለም። ስልኩ ግን በኪሱ ነው። በቴሌግራም የትዳር ማፈላለጊያ ቻናሎች፣ በፌስቡክ፣ በቲክቶክ፣ አልፎ አልፎም እንደ ቲንደር ባሉ ለዚሁ ተብለው በተሠሩ መተግበሪያዎች ሰው ይፈልጋል።

ብዙ ሰው እነዚህን መሣሪያዎች እንደ መስኮት ይቆጥራቸዋል፤ ከመስኮቱ ማዶ ያለውን ሰው ብቻ የሚያሳዩ ይመስሉታል። በጉዳዩ ላይ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሌላ ነገር ያመለክታሉ። ማንን ቀድመን እንደምናይ፣ ስለዚያ ሰው ምን እንደምናውቅ፣ ለማሰብ ስንት ጊዜ እንደምናገኝ የሚወስነው የመተግበሪያው አሠራር ነው፤ ይህም የምንወደውን ሰው እስከ መለወጥ ይደርሳል።

ቅርበት ያደርግ የነበረው

የመሣሪያውን ሥራ ለመረዳት በመጀመሪያ መሣሪያው የተካውን ነገር ማየት ያስፈልጋል። ጄምስ ቦሳርድ የተባሉ አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተሙት ጥናት በፊላደልፊያ ከተማ የተሰጡ 5,000 የጋብቻ ፈቃዶችን መርምረው ነበር። ከተጋቢዎቹ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከጋብቻው በፊት የኖሩት በአምስት የመንገድ ቅያስ ርቀት ውስጥ ነበር። ያች ትልቅ ከተማ ብዙ ሺህ ሰው ያቀፈች ብትሆንም ሰዎቹ ያገቡት በመንገዳቸው ላይ ያገኙትን ነው።

ቅርበት ከማገናኘት ያለፈ ሥራም አለው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናት 167 ጥንዶች ተመርምረው ነበር። ከመዋደዳቸው በፊት ብዙም ሳይተዋወቁ የተጣመሩት ጥንዶች በመልክ ማማር የሚመጣጠኑ ሆነው ተገኙ፤ ቆንጆ ከቆንጆ፣ መካከለኛው ከመካከለኛው። ለረጅም ጊዜ ተዋውቀው ከቆዩ በኋላ የተጣመሩት ግን እንዲህ አልተመጣጠኑም። ጊዜ ሲያልፍ ሰው የሚማረክበት ነገር ይበዛል፤ የአነጋገር ለዛ፣ ትዕግሥት፣ ቀልድ፣ በችግር ቀን የሚታይ ጠባይ ሁሉ ከመልክ ጋር ይመዘናል። በአንድ ማሳ ላይ አብረው አጨዳ የዋሉ ወይም በአንድ የፋብሪካ መስመር ላይ ለወራት ጎን ለጎን የቆሙ ሰዎች ይህን ዕድል ያገኛሉ። በስልክ ፎቶግራፍ ላይ ለሁለት ሰከንድ የሚተያዩ ሰዎች አያገኙትም።

ሐይቁን የማያውቀው ክብ

ቲንደርን የመሳሰሉ መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን በመጀመሪያ ከሚጠይቋቸው ነገሮች አንዱ ርቀት ነው። ተጠቃሚው ቁጥር ይመርጣል፤ መተግበሪያውም እርሱ ባለበት ቦታ ዙሪያ ክብ ያሰምራል። ርቀቱ የሚለካው በቀጥታ፣ ወፍ በምትበርበት መስመር ነው። መንገድን፣ ተራራን፣ ሐይቅን አያውቅም።

ለስምጥ ሸለቆ ነዋሪ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በባቱ ከተማ የሚኖር ሰው ከደምበል ሐይቅ ማዶ በአርሲ በኩል፣ ለምሳሌ በኦጎልቾ አካባቢ ያለችን ወጣት በስክሪኑ ላይ እንደ ጎረቤት ያያታል። በጀልባ ካልተሻገረ በቀር ሐይቁን ዞሮ ለመድረስ ቀኑን በመንገድ ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። በአውራ ጎዳናው ላይ በአንድ የሚኒባስ ጉዞ የሚደርስባት የአርሲ ነጌሌ ልጅ ደግሞ በቁጥር ስለራቀች ብቻ ከክቡ ውጭ ልትቀር ትችላለች።

ክቡ ሲሰፋ ሌላ ነገር ይከተላል። ቲንደር እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ እንዲፈለግ ይፈቅዳል። ከቡልቡላ ተነሥቶ በዚህ ልክ የሚሰመር ክብ ሐዋሳን ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ አዳማንና አዲስ አበባንም ያጠቃልላል። በዚህን ጊዜ የቡልቡላ ወጣት የሚወዳደረው ከመንደሩ ልጆች ጋር መሆኑ ይቀራል፤ በስቱዲዮ ፎቶ ከሚነሣው፣ በመኪና ላይ ተደግፎ ከሚታየው የዋና ከተማ ሰው ጋር ይሰለፋል።

እንዲህ ያለ ሰፊ መድረክ ትኩረትን በጥቂቶች ላይ እንደሚያከማች ኤሊዛቤት ብሩክና ማርክ ኒውማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይተዋል። በአራት የአሜሪካ ከተሞች የማፈላለጊያ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎችን መልእክት ሲመረምሩ፣ አብዛኛው ሰው የሚጽፈው በተፈላጊነት ከራሱ 25 በመቶ ያህል ለሚበልጥ ሰው ሆኖ አገኙት። በናሙናው ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ የተፈለገችው የኒውዮርክ ነዋሪ በአንድ ወር 1,504 መልእክት ደርሷታል፤ ይህም ቀንና ሌሊት በየግማሽ ሰዓቱ አንድ መልእክት እንደ ማለት ነው። ለእርሷ የተላከው ያ ሁሉ ደብዳቤ መልስ ሊያገኝ እንደማይችል ግልጽ ነው። መልስ ያጣው ሰው ግን ጉድለቱን ከራሱ ይፈልጋል እንጂ ከክቡ ስፋት አይፈልግም።

ተራው የሚያመጣው ውበት

እ.ኤ.አ. በ2012 የተጀመረው ቲንደር አዲስ ያመጣው ነገር የአንድ ጣት እንቅስቃሴ ነው። የአንድ ሰው ፎቶ እንደ መጫወቻ ካርታ ይቀርባል፤ የወደደ ወደ ቀኝ፣ ያልወደደ ወደ ግራ ያንሸራትታል፤ ወዲያው ሌላ ካርታ ይመጣል። ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ወደ ቀኝ ካላንሸራተቱ በቀር መጻጻፍ አይችሉም። ይህ ሴቶችን ካልፈለጉት መልእክት በመጠኑ የሚጠብቅ መልካም ሐሳብ ነው። ዳሩ ግን ውሳኔው በአብዛኛው በፎቶ ላይ፣ በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ፣ በተከታታይ እንዲሰጥ ያደርጋል።

በተከታታይ መወሰን የራሱ ጠባይ አለው። የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባሳተሙት ጥናት ለተሳታፊዎች ፊቶችን አንድ በአንድ አሳይተው ‘ያማረ ነው ወይስ አይደለም’ ብለው ጠየቁ። ያው አንዱ ፊት፣ ከፊቱ የመጣው ሌላ ፊት ተወዶ ከነበረ የመወደድ ዕድሉ ከፍ አለ፤ ተጠልቶ ከነበረ ዝቅ አለ። የሰውየው መልክ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወረፋው ብቻ ነው።

በኔዘርላንድ ቲላ ፕሮንክና ያፕ ዴኒሰን እ.ኤ.አ. በ2020 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ የድካሙን መጠን ለካ። ሰዎች ብዙ ፎቶዎችን ባዩ ቁጥር የመቀበል ዝንባሌያቸው ቀነሰ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአማካይ 27 በመቶ ወረደ። ተመራማሪዎቹ ይህን ‘የእምቢታ አስተሳሰብ’ ብለው ሰየሙት። የመቂ ገበያን የሚያውቅ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በማለዳ የመጣ ነጋዴ የመጀመሪያዎቹን የሽንኩርት ኬሻዎች ከፍቶ፣ በእጁ ጨብጦ፣ አሽትቶ ያያል። ከቀትር በኋላ ግን የላዩን ቆዳ ብቻ አይቶ ‘አይሆንም’ እያለ ያልፋል። ዘግይቶ የደረሰው ሽንኩርት ከማለዳው ያነሰ ላይሆን ይችላል፤ ያነሰው የገዢው ትዕግሥት ነው።

ቅጹ ያልጠየቀው ጥያቄ

በአገራችን ይበልጥ የተለመዱት የቴሌግራም ቻናሎች በሌላ መንገድ ይሠራሉ። ፈላጊው ቅጽ ይሞላል፤ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ከተማ፣ ሃይማኖት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የሥራ ሁኔታ፣ ቁመት፣ ቀጥሎም ‘የምፈልገው’ የሚል መስመር። ቻናሉን የሚያስተዳድረው ሰው ማስታወቂያውን ያወጣል፤ አንዳንዱ ስለ ማገናኘቱ ክፍያ ይጠይቃል።

ቅጽ ስለ ሰው ምን ማወቅ እንደሚገባ ያስተምራል። ቁመት የሚሞላበት ቦታ ካለ ቁመት መመዘኛ ይሆናል፤ በገበያ ላይ ወይም በሠርግ ቤት ቢተዋወቁ ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ለመጠየቅ የማታስብ ወጣት እንኳ አሁን ቁጥሩን አይታ ታልፈዋለች። ቦታ ያልተሰጠው ነገር ደግሞ ይረሳል። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ከአንድ ጎሳ የሆኑ ሰዎች አይጋቡም፤ በአማራ ቤተሰቦች ዘንድም እስከ ሰባት ቤት ዘር መቁጠር የቆየ ልማድ ነው። በውጭ ኩባንያ በተሠራ መተግበሪያ ላይ ስለዚህ የሚጠይቅ ሣጥን አይገኝም። በዚህም ምክንያት ለወራት የተጻጻፉና የተዋደዱ ወጣቶች፣ ጉዳዩ ወደ ቤተሰብ ሲደርስ በአንድ ጥያቄ ሊለያዩ ይችላሉ። ቀድሞ በመንደር ውስጥ ይህ ጥያቄ የሚመለሰው ገና ፍቅር ሳይጀመር ነበር።

ፌስቡክ በዚህ ረገድ ለየት ይላል። ሰው ለሰው ሲጠቁም የጋራ ጓደኞችን ስም አብሮ ያሳያል፤ ይህም ‘የማን ልጅ ናት’ ለሚለው ጥያቄ በከፊል መልስ ይሰጣል። ፌስቡክ ለትዳር ማፈላለጊያነት ሳይታሰብ ብዙዎችን ማገናኘቱ ከዚህ ጠባዩ ጋር የተያያዘ ይመስላል።

በቁጥር የተፈጠረ መዋደድ

የመሣሪያው ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ከሁሉ ይበልጥ ያሳየው ኦኬኪዩፒድ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ በራሱ ተጠቃሚዎች ላይ ያደረገው ሙከራ ነው። ድረ ገጹ ተጠቃሚዎችን በርካታ ጥያቄዎች ጠይቆ፣ ሁለት ሰዎች ምን ያህል እንደሚስማሙ በመቶኛ ያሰላል። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆኑት ክርስቲያን ሩደር እ.ኤ.አ. በ2014 እንደገለጹት፣ ኩባንያው በስሌቱ 30 በመቶ ብቻ ለሚስማሙ ጥንዶች ሆን ብሎ ‘90 በመቶ ትስማማላችሁ’ የሚል ሐሰተኛ ቁጥር አሳያቸው።

ውጤቱ አስገራሚ ነበር። እውነተኛው 30 በመቶ ከታያቸው ጥንዶች ይልቅ ሐሰተኛው 90 የታያቸው ብዙ ተጻጻፉ። አንድ ሰው የመጀመሪያውን መልእክት ከላከ በኋላ ጨዋታው አራት መልእክት የመድረስ ዕድሉ ከ10 በመቶ ወደ 17 በመቶ ከፍ አለ። ትስማማላችሁ የተባሉ ሰዎች የሚስማሙ መስሏቸው በዚያው መንፈስ ተጨዋወቱ። ሳይነገራቸው በሰዎች ስሜት ላይ የተደረገው ይህ ሙከራ በወቅቱ ብርቱ ወቀሳ አስነሥቷል፤ ወቀሳውም ተገቢ ነበር።

ያው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጥር 2013 ለሰባት ሰዓታት ያህል የሁሉንም ተጠቃሚ ፎቶ ከድረ ገጹ አንሥቶ ነበር። በእነዚያ ሰዓታት ለመጀመሪያ መልእክት መልስ የሚሰጡ ሰዎች በ44 በመቶ ጨመሩ፤ ጨዋታውም ጠለቅ ያለ ሆነ፤ አድራሻ መለዋወጡም ፈጠነ። ፎቶዎቹ በተመለሱበት ቅጽበት ግን በጨዋታ መካከል ከነበሩት 2,200 ያህል ሰዎች ብዙዎቹ ጨዋታቸውን አቋረጡ። ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ደስ ይላቸው የነበረው ሰው ያው ነበር፤ የተጨመረው ፎቶው ብቻ ነው።

ስሌቱ ራሱስ ምን ያህል ይታመናል? ሳማንታ ጆኤል፣ ፖል ኢስትዊክና ኤላይ ፊንክል እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን ፈትነዋል። ሰዎች ከመገናኘታቸው በፊት ስለ ጠባያቸውና ስለ ምርጫቸው ከመቶ በላይ ነገሮችን ሞልተው፣ ከዚያ በአጭር ቆይታ ተራ በተራ ተዋወቁ። ኮምፒውተሩ በጠቅላላው ማን ብዙ እንደሚወደድና ማን ለሌሎች ፈቃደኛ እንደሚሆን በመጠኑ ሊገምት ቻለ። አንድ የተወሰነ ሰው ሌላውን የተወሰነ ሰው ለይቶ እንደሚወድ ግን ሊተነብይ አልቻለም። ፈላጊዎች የሚሹት ደግሞ ይህንኑ ነው።

ብዙ ዓሣ፣ ጥቂት እርካታ

ምርጫ መብዛቱ መልካም ይመስላል። ጆናታን ዲአንጀሎና ካታሊና ቶማ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት ግን ከ24 ሰዎች መካከል የመረጡ ተማሪዎች፣ ከ6 ብቻ ከመረጡት ይልቅ ከሳምንት በኋላ በመረጡት ሰው የነበራቸው እርካታ ያነሰ ሆነ። ከሁሉ ያነሰው ደግሞ ከ24ቱ መርጠው ‘ሐሳብህን መለወጥ ትችላለህ’ የተባሉት ነበር። በሩ ክፍት ሆኖ ሲቀር ዓይን ወደ በሩ ይመለከታል። የማፈላለጊያ መተግበሪያ ሁለቱንም አንድ ላይ ያቀርባል፤ ማለቂያ የሌለው ወረፋና የማይዘጋ በር።

ደላላው የሚያተርፈው መቼ ነው?

በእህልና በአትክልት ገበያ ደላላ ኮሚሽኑን የሚያገኘው ሻጭና ገዢ ሲስማሙ ነው። የማፈላለጊያ ኩባንያ ገቢ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከወርኃዊ ክፍያና ከተጨማሪ አገልግሎት ነው፤ የተስማሙ ጥንዶች ደግሞ ክፍያውን አቋርጠው ይሄዳሉ። ቲንደርን፣ ሂንጅንና ኦኬኪዩፒድን የያዘው ማች ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር በላይ ገቢ አግኝቷል። ኩባንያዎቹ ደንበኛ ሰምሮለት ሲሄድ መልካም ስም እንደሚያተርፉ ይናገራሉ፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሆኖም ሁለቱ ጥቅሞች በአንድ አቅጣጫ አይጎትቱም።

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2019 በማች ግሩፕ ላይ ባቀረበው ክስ፣ ኩባንያው በአጭበርባሪነት ከጠረጠራቸው አካውንቶች የመጡ ‘የወደደህ ሰው አለ’ የሚሉ ማስታወቂያዎችን ላልከፈሉ ሰዎች እየላከ እንዲከፍሉ ገፋፍቷል ብሏል። ኩባንያው ክሱን ሲከራከር ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2025 ጉዳዩን ለመዝጋት 14 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማምቷል። ‘የወደደህ ሰው አለ’ የሚለው ድምፅ ስልኩ ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ ከሰው ልብ የመጣ እንዳልሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ጥቅሙም አለ

ይህ ሁሉ ሲባል መሣሪያው የሚሰጠው ጥቅም መካድ የለበትም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2017 ከተገናኙ የወንድና የሴት ጥንዶች 39 በመቶ ያህሉ የተገናኙት በኢንተርኔት እንደሆነ ማይክል ሮዘንፌልድና ባልደረቦቻቸው አሳይተዋል፤ ከእነርሱም ብዙ የጸና ትዳር ወጥቷል። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት በመንደሯ ሐሜት ፈርታ ሳትጠይቅ የምትቀረውን በስልክ ልትጠይቅ ትችላለች። አካል ጉዳተኛ፣ በሥራ ምክንያት ከአገሩ የራቀ፣ በአካባቢው የሃይማኖት ባልንጀራ ያጣ ሰው ሁሉ ክቡ መስፋቱ ይጠቅመዋል። በመንደር መተዋወቅም ቢሆን የራሱ ግፍ ነበረው፤ ያለ ፈቃዷ የተዳረች ልጅ የምትመሰክረው ነው። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻ ዕድሜን 18 ያደረገውና የሁለቱን ፈቃድ ግድ ያለው በከንቱ አይደለም።

አሠራሩን የሚያውቅ ሰው ከአሠራሩ ጋር ሊደራደር ይችላል። ክቡን በሚኒባስ ደርሶ መመለስ በሚቻልበት ልክ ማጥበብ፣ በአንድ ጊዜ ጥቂት ሰዎችን ብቻ ማየት፣ ለደከመ ዓይን ምርጫን አለመተው፣ ከመጻጻፍ ይልቅ በድምፅና በአካል ቶሎ መገናኘት ከላይ ከተጠቀሱት ጥናቶች በቀጥታ የሚመነጩ ናቸው። የመጀመሪያው መገናኛ በቀን፣ ሰው በሚበዛበት ቡና ቤት፣ ለአንድ ወዳጅ ተነግሮ ቢሆን ይመረጣል። በአካል ያልታየ ሰው በቴሌብር ገንዘብ እንዲላክለት ከጠየቀ፣ ወይም ወደ ዐረብ አገር ሥራ አስቀጥራለሁ ካለ፣ ጉዳዩ የፍቅር መሆኑ ያጠራጥራል። የግል ፎቶ እበትናለሁ ብሎ ማስፈራራት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስጠይቅ ስለሆነ፣ የደረሰበት ሰው መልእክቱን ሳያጠፋ ለፖሊስ ማቅረብ ይኖርበታል።

በቡልቡላና በአካባቢዋ ላሉ ብዙ ቤተሰቦች፣ በስልክ የተጀመረውም ቢሆን መጨረሻው ሽማግሌ መላክ ነው። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ቡና ሲቀርብላቸው ቁመት አይጠይቁም፤ ስንት በመቶ ትስማማላችሁም አይሉም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ጎሳው ምን እንደሆነ፣ በክረምት ማሳ ላይ ወይም በፋብሪካው የሌሊት ፈረቃ አብረውት የሠሩ ሰዎች ስለ እርሱ ምን እንደሚሉ ይጠይቃሉ። በስልክ የተዋወቁ ሁለት ወጣቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ለማግኘት ከሽማግሌዎቹ በፊት ባቱ ወይም ቡልቡላ ላይ ተገናኝተው ቁጭ ብለው ሊጠያየቁ ይገባል፤ ስልኩ አይጠይቅላቸውምና።